ባርቤዶስ ለክሮፕ ኦቨር የምትሄዱ፣ የአገዳው ጋሪ እንዳያመልጣችሁ

ሰብለ_ቶሮንቶ ጻፈች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የምለው አለኝ።

እዚህ ቶሮንቶ አብራኝ የምትሠራ የባርቤዶስ ልጅ አለች። ስድስት ዓመት የሌሊት ተራ አብረን ገብተናል። ሰመር በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ?» ትለኛለች። እኔ ፈቃዴን ሁሌ ለአዲስ አበባ ነው የማውለው። ባለፈው ሰመር ግን ያጠራቀምኩትን በሙሉ ወስጄ ሄድኩ። አምስት ሳምንት እናቷ ቤት ከረምኩ። እንደ ልጆቻቸው «እማ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው።

ክሮፕ ኦቨር የባርቤዶስ ትልቅ በዓል ነው፤ ስሙ «አዝመራው አለቀ» እንደ ማለት ነው። አዝመራው ሸንኮራ አገዳ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ባርቤዶስ ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ናት፤ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። ሕዝቧ 280,000 አካባቢ ነው። እንግሊዞች በ1627 ሰፈሩባት። በ1640ዎቹ የስኳር ሥራ ገባ፤ አሠራሩን የቀሰሙት ያኔ በሆላንዶች እጅ ከነበረው የብራዚል ክፍል ነው። ደኑ ተመንጥሮ ደሴቷ አገዳ በአገዳ ሆነች። አገዳውን የተከሉትና የቆረጡት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው።

ቆረጣው ከዓመቱ መጀመሪያ ተነስቶ እስከ ግንቦት ሰኔ ይዘልቃል። የመጨረሻው አገዳ የተጫነበት ጋሪ ወደ ግቢው ሲገባ በአበባ ያጌጥ ነበር። ሕዝቡ ከበሮ እየመታ ይከተለዋል። ምግብና ሩም የሚሉት የአገዳ አረቄ ይቀርባል። ብዙ አገዳ የቆረጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የአዝመራው ንጉሥና ንግሥት ይሆናሉ። ሚስተር ሃርዲንግ የሚሉትም አለ። ባረጀ ኮትና ሱሪ ውስጥ የአገዳ ገለባ ጠቅጥቀው ሰው ያስመስሉታል፤ ከዚያ ያቃጥሉታል። ስሙ የጭካኔና የችግር ስም ነው። አዝመራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ የሌለበት፣ ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ማለት ነው።

በዓሉ በ1940ዎቹ እየደበዘዘ ቀረ። በ1974 የቱሪዝም ቦርዱ መልሶ አነሳው። ዛሬ ለሳምንታት ይቆያል። ማሳረጊያው ግራንድ ካዱመንት ነው፤ የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ። ላባና ጨሌ የለበሰ ሕዝብ ሙዚቃ የጫነ መኪና እየተከተለ እስከ ስፕሪንግ ጋርደን፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይጨፍራል። ሪሃና አገሯ ገብታ በላባ ያጌጠችባቸውን ፎቶዎች አይታችሁ ከሆነ የዚያ ቀን ናቸው።

እኔም የሄድኩት ለዚያ ነበር። ልቤን የነካኝ ግን ሌላ ነው።

በበዓሉ መክፈቻ የመጨረሻውን አገዳ ማስረከብ የሚባል ሥርዓት አለ። አንዲት አህያ ትንሽ ጋሪ ትጎትታለች። ጋሪው ላይ ቀይ የጽጌረዳ ዓይነት አበባና ባለቀለም ወረቀት ተጠላልፏል። አገዳው በገመድ ታስሯል፤ ቢበዛ አንድ ሰው የሚሸከመው ያህል ነው። አብዛኛው ታዳሚ ስልኩን መድረኩ ላይ ወዳለው ዘፋኝ አዙሮ ነበር። እማ ከወንበራቸው ተነሱ። ጋሪው አጠገባችን ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው አገዳውን ነኩት። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ አንጓቸው ድረስ የሚሄድ የቆየ ጠባሳ አለባቸው። በልጅነታቸው አገዳ በጭንቅላታቸው ይሸከሙ ነበር። እናታቸው ደግሞ ቆራጭ ነበሩ።

«ይሄ ጋሪ ሲያልፍ እናቴ ትስቅም ታለቅስም ነበር» አሉኝ። «የደስታው ቀን የመጨረሻው የክፍያ ቀን ነዋ።»

ከዚያ በኋላ በዓሉን ሁሉ በዚህ ዓይን ነው ያየሁት። ለምትሄዱ ሰዎች የምለው ይሄው ነው። ለካዱመንት ብቻ አትድረሱ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ጋሪውን እዩ።

ብሩክ_ዲሲ መለሰ፦

እህቴ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። ግን አንድ ነገር ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ባሪያ ያደረገህ ሰው አገዳውን ቆርጠህ ስትጨርስለት ሩም ሰጥቶ ያስጨፍርሃል። ከ300 ዓመት በኋላ ያንኑ ቀን በዓል ታደርገዋለህ። ለቱሪስት ደግሞ ትሸጠዋለህ። እኔ ብሆን ያን ቀን ጥቁር ነበር የምለብሰው። ለመተቸት አይደለም፤ ከልቤ ልረዳው ፈልጌ ነው።

ኬቭሂል_የተማርኩ ጻፈ፦

ወንድሜ ብሩክ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ባርቤዶስ ውስጥም ይጠየቃል። እኔ ኬቭ ሂል ካለው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ተምሬያለሁ። አራት ክሮፕ ኦቨር አይቻለሁ። የገባኝን ልንገርህ።

ሩሙ የጌታው ነበር። ከበሮው ግን የእነሱ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የወጣው የባሪያ ሕግ ባለቤቶቹ የሰዎቹን ጎጆ እየፈተሹ ከበሮና ቀንደ መለከት እንዲቀሙ ያዛል። ምክንያቱም ከበሮ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ወሬ ያደርሳል፤ አመፅ ይጠራል። አስበው፤ በዓመት ውስጥ እንደ ልብ የምትመታው፣ የምትዘፍነው፣ ከሌላ ግቢ ካለ ዘመድህ ጋር የምትገናኘው በዚያች ቀን ከሆነ ቀኗን ለማን ትተዋታለህ?

ደግሞ ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተገዛም። በ1816 የፋሲካ እሑድ ሌሊት ቡሳ በሚባል በባርነት የነበረ ሰው መሪነት ትልቅ አመፅ ተነሳ። ከ70 በላይ እርሻዎችን አዳረሰ። በደም ጎርፍ ነው የታፈነው፤ ቡሳም በውጊያው ወደቀ። ዛሬ የተበጠሰ ሰንሰለት ከእጁ አንጓ የተንጠለጠለ፣ ሁለት እጁን ከፍ ያደረገ ሐውልት ሃጋት ሆል አደባባይ ላይ ቆሟል። በ1985 ነው የተሠራው። ሕዝቡ «ቡሳ» ነው የሚለው። ከአውቶቡስ ወርጄ ከሥሩ ቆሜ አውቃለሁ። አንገትህን ቀና ሳታደርግ ፊቱን አታየውም።

ከባርነት ነፃ የወጡበትን የሚያስቡበት ቀን ኦገስት 1 ነው። ካዱመንት ከእሱ አጠገብ ነው የሚውለው፤ አንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ላይ ይገጥማል። ስለዚህ ያ ሁሉ ላባ የጌታውን ምርት የሚያከብር አይምሰልህ።

ሰብለ_ቶሮንቶ መለሰች፦

ኬቭሂል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም ነበር።

ብሩክ፣ ጥቁር መልበስ ያልከው ግን ቦታ አለው። እማ ኒውተን ወስደውኛል። ድሮ ትልቅ የአገዳ እርሻ የነበረ ግቢ ነው። ከአገዳው ዳር ያለ ሣር ብቻ የሆነ ቁልቁለት አለ። ምንም አይታይም። ከሥሩ ወደ 570 የሚጠጉ በባርነት የኖሩ ሰዎች ተቀብረዋል። በ1970ዎቹ ነው አጥኚዎች ቆፍረው ያወቁት። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ከነአንገት ጌጡ ተገኝቷል፤ ዛጎል፣ የውሻ ጥርስ፣ የዓሣ አከርካሪ፣ አንዲት ትልቅ ቀይ ጨሌ። ፒፓም ከጎኑ ነበር። መድኃኒት አዋቂ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማን እንደ ነበረ ስሙን የጻፈለት የለም። ወገኖቹ ግን ጌጡን አድርገውለት ቀበሩት።

እማ እዚያ ሣር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። በማግስቱ ደግሞ ካዱመንት ላይ ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲጨፍሩ አየኋቸው። እሳቸው ሁለቱን አይለያዩም።

ክራር_ወዳጅ ጻፈ፦

እኔ የመጣሁት ለሙዚቃው ነው። ሰብለ «ከበሮ» ብለሽ አለፍሽው። ምን ዓይነት ከበሮ? ስንት ሰው ነው የሚመታው? ዘፈኑስ ምን ይላል? እባካችሁ ዘርዝሩት።

ኬቭሂል_የተማርኩ መለሰ፦

ክራር ወዳጅ፣ የምወደውን ጠየቅኸኝ።

የአገሬው ባንድ ተክ ይባላል። አንድ ትልቅ ከበሮ፣ አንድ አነስተኛ ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ፣ አንድ የቆርቆሮ ዋሽንት። አንዳንዴ ትሪያንግል ይጨመራል። ሦስት አራት ሰው ነው፤ ግን መንደር ያስነሳል። መሣሪያው የእንግሊዝ ወታደር ባንድ ነው። እጁ ግን የአፍሪካ ነው። ቀስ ብሎ በቫልስ ይጀምራል። ከዚያ ማርሽ ይሆናል። ከዚያ ትልቁ ከበሮ መንገዱን ይስትና ወደ ሌላ ምት ይገባል። ያኔ ሰው ወገቡን መያዝ አይችልም። እኔ ያንን ሽግግር በሰማሁ ቁጥር እስክስታ የምትጀምርበት ሰከንድ ትዝ ይለኛል። ክራሩ ሲያዘግም ቆይቶ ምቱ የሚቀየርበት፣ ትከሻ ሳይታዘዝ የሚነሳበት ሰከንድ።

ከባንዱ ጋር ገጸ ባሕርያት አብረው ይወጣሉ። ሻጊ ቤር ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሸፈነ ነው፤ ድሮ በቅጠል ነበር። መዘር ሳሊ ዳሌዋ በትራስ የተሞላ ሴት ናት፤ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው የሚለብሳት። በረጅም እንጨት ላይ ቆሞ የሚሄድም አለ። እነዚህ የምዕራብ አፍሪካን ጭምብል ለባሾች ዝምድና ይዘው የቀሩ ናቸው።

ዘፈኑ ደግሞ ካሊፕሶ ነው። ለእኛ ሰው በአንድ ቃል ላስረዳ፦ አዝማሪ። ካሊፕሶ የሚቀርብበት ቤት ዛሬም «ድንኳን» ነው የሚባለው፤ አዳራሽ ውስጥ ቢሆንም። ዘፋኙ ሚኒስትሩን ይነካል፣ የመብራቱን ዋጋ ይነካል፣ ጎረቤቱን ይነካል። ስድቡ በፈገግታ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ወርቁን ቀድሞ ያገኘ ሰው ከወንበሩ ይነሳና መሐረብ ያውለበልባል። በመጨረሻ ፒክ-ኦ-ዲ-ክሮፕ በሚባለው ውድድር የዓመቱ ንጉሥ ይመረጣል። ማይቲ ጋቢ እና ሬድ ፕላስቲክ ባግ የሚባሉት ዘፋኞች ዘውዱን ደጋግመው የወሰዱ ናቸው። ጋቢ በ1982 ሆቴሎች የባሕሩን ዳርቻ ለሕዝቡ እንዳይዘጉ የሚሟገት ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ ከጋዜጣ ጽሑፍ የበለጠ ሥራ ሠራ። ዛሬም የባሕሩ ዳርቻ ጉዳይ ሲነሳ ሰው ያንን ዘፈን ያነሳል።

ዘንድሮ በዝቶ የሚሰማው ሶካ ነው። ፈጣን ነው፣ ለመንገድ ነው። ሽማግሌዎቹ «ቃሉ የት ሄደ?» እያሉ ያዝናሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ካሊፕሶ ድንኳን ሳትገቡ ባትመለሱ ጥሩ ነው።

ክራር_ወዳጅ መለሰ፦

ተባረክ ወንድሜ። ተክን ፈልጌ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሽግግሩን አገኘሁት!

ሜሪ_ደንቨር ጻፈች፦

ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ፣ ይቅርታ። ቪዛ? ገንዘብ? ምግቡስ ለእኛ ይሆናል?

ሰብለ_ቶሮንቶ መለሰች፦

ሜሪዬ፣ እኔ የካናዳ ፓስፖርት ስላለኝ ቪዛ አልጠየቁኝም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ትኬት ሳትቆርጡ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከቶሮንቶ ቀጥታ በረራ አለ። ሁለት የባርቤዶስ ዶላር አንድ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከ1975 ጀምሮ አልተቀየረም። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የተጻፈውን ዋጋ ለሁለት ማካፈል ነው። ኑሮው ግን ርካሽ አይደለም። የካዱመንት ልብስ በተለይ ውድ ነው፣ ቀድሞም ያልቃል። ከዳር ቆሞ ማየት ግን በነፃ ነው። እኔ ከዳር ነበርኩ።

ምግቡን ትወጂዋለሽ። ኩኩ የሚሉት ገንፎ ነው በይው። የበቆሎ ዱቄት ከባሚያ ጋር ይማሰላል። እማ ሲያማስሉ እንጨቱን የያዙበት አያያዝ አያቴን አስታወሰኝ፤ ተነስቼ ልቀበላቸው ስል «ቁጭ በይ» አሉኝ። ከበራሪ ዓሣ ወጥ ጋር ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፑዲንግና ሳውስ ይሠራል፤ እሱ የአሳማ ሥጋ ነውና የማትበሉ ዕወቁት። ጿሚ የሆናችሁ ደግሞ ቀኑን እዩ። ካዱመንት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ባለው ነው የሚውለው፤ አንዳንድ ዓመት ፍልሰታ መግቢያ ላይ ይወድቃል።

ብሩክ_ዲሲ መለሰ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ ኒውተኑ ሰውዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ቀረኝ። መሬቱ አሁን የማን ነው?

ኬቭሂል_የተማርኩ መለሰ፦

ብሩክ፣ ይሄ ገና ያልተዘጋ ቁስል ነው። በ1830ዎቹ ባርነት ሲቀር እንግሊዝ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለች። ለማን? ለባለቤቶቹ። ባርቤዶስ ውስጥ ነፃ ለወጡት 83,000 ያህል ሰዎች አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። እንዲያውም እስከ 1838 ድረስ «ልምምድ» በሚል ስም በነፃ አሠሯቸው። መሬት ስላልነበራቸው ቤታቸውን የሠሩት ፈርሶ በሚጫን እንጨት ነው። ባለመሬቱ ሲያባርራቸው ቤታቸውን ጭነው ይሄዳሉ። እነዚያ ቤቶች አሁንም አሉ፤ በፖስትካርድ ላይ የምታያቸው ባለቀለም ትንንሽ ቤቶች ናቸው።

ድራክስ ሆል የሚባል እርሻ ደግሞ አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ እጅ ነው። በ2024 መንግሥት ከመሬቱ ከፊሉን ለቤት መሥሪያ ሊገዛ አሰበ። ሕዝቡ «ለእነሱ ደግሞ እኛ ልንከፍል?» ብሎ ተቆጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ ግዢውን አቆሙት። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ስለዚህ ነበር የሚያወራው።

አገዳው ራሱ እያለቀ ነው። በደሴቷ የቀረው የስኳር ፋብሪካ አንድ ነው፣ ፖርትቬል። ቆረጣውም አብዛኛው በማሽን ሆኗል። የበዓሉ ስም ግን አለ። ለዚህ ነው ሰብለ ጋሪውን እዩ ያለችው የገባኝ።

የወንጂው ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። ስለ አገዳ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ወንጂ ነው ያደግሁት። አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ሠርቷል። ወንጂ በ1954 በፈረንጅ አቆጣጠር ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሰብለ ባርቤዶስም ከሆላንዶች ተማረ ስትይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የወንጂው ሥራ ባርነት አልነበረም፤ ደመወዝ ነበረው። ሁለቱን አንድ ላድርግ አልልም። ነገር ግን አገዳ አገዳ ነው። ቅጠሉ እንደ መጋዝ ይቆርጣል። ከመቆረጡ በፊት በእሳት ይለበለባል፤ ማታ ሰማዩ ይቀላል። ጠዋት እናቴ ያሰጣችው ነጠላ ላይ ጥቁር አመድ ተበትኖ እናገኛለን። ቆራጮቹ ከከምባታ፣ ከሐድያ፣ ከሩቅ ነበር የሚመጡት። ካምፕ ውስጥ ይኖራሉ። ማታ ማታ በየቋንቋቸው ሲዘፍኑ እንሰማለን። እኛ ልጆቹ ቃሉ አይገባንም፣ ዜማውን ግን ይዘን እንዞራለን።

ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ይቆማል። ሰኔ አካባቢ ነው። ቆራጮቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። የካምፑ ጸጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኛ ልጆች እንደ ዕረፍት ነበር የምናየው። የእማ እናት ለምን እንዳለቀሱ ያኔ ቢነግሩኝ አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

ብሩክ_ዲሲ መለሰ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያቆይልን። እነዚያ ዘፈኖች የተቀዱ ይኖሩ ይሆን?

የወንጂው መለሱ፦

ልጄ፣ እኔ ጋ የለም። ሁለት ዜማ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ከልጅ ልጄ ጋር ሆነን በስልክ እቀዳዋለሁ። ቃሉን የሚያውቅ የከምባታ ወይም የሐድያ ሰው እዚህ ካለ ይርዳኝ።

ክራር_ወዳጅ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ይቅዱልን እንጂ! ኖታውን እኔ አወጣለሁ። የሐድያ ጓደኛ አለኝ፣ አሰማዋለሁ።

ሰብለ_ቶሮንቶ ጻፈች፦

ጋሼ፣ ትናንት ማታ እማ ጋ ደወልኩ። የጻፉትን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ስለ ነጠላውና ስለ አመዱ ስነግራቸው «አዎ፣ አዎ» አሉ። ስለ ካምፑ ጸጥታ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ አሉ፤ «እነሱስ የመጨረሻውን ጋሪ በአበባ ያስጌጡታል?»

የወንጂው መለሱ፦

አበባ አልነበረም። የመጨረሻውን አገዳ የሚያስገባው ትራክተር ግን በቀን ብርሃን መብራቱን አብርቶ፣ ከካምፑ በር እስከ ፋብሪካው ድረስ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር። ሴቶቹ ከበር ወጥተው እልል ይላሉ። እኛ ከኋላው እንሮጣለን። እንዲህ በያት።